ምዕራፍ አምስት፦ ከሥፍራቸው የሚፈልሱ ከዋክብት

በመጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ፣ በተወሰነላቸው ጊዜ ባለመውጣታቸው የፈጣሪያቸውን ትእዛዝ የተላለፉ ሰባት ከዋክብት ታስረው መታየታቸው ተጽፎ ይገኛል፤ በዚሁ መጽሐፍ ስለ ብርሃናት በሚናገረው ክፍል ደግሞ፣ ፀሐይ በምሥራቅ ባሉት ስድስት ኆኅት እየወጣች፣ በምዕራብ ባሉት ስድስት ኆኅት እየገባች፣ ዓመቱን ሙሉ ሳትሳሳት የምትመላለስበት ሥርዐት በዝርዝር ተቈጥሯል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ እስኪገባ ድረስ፣ ሊቃውንተ ኢትዮጵያ በግእዝ ጠብቀው ሙሉውን ያቆዩት ይህ መጽሐፍ ከብዙዎቹ ጥንታውያን መጻሕፍት ጋራ የሚስማማበት አንድ ዐሳብ ቢኖር፣ የኮከብ ታላቁ ምግባር በሥፍራውና በሰዓቱ መገኘት ነው የሚለው ነው።

የቀደሙት ሰዎች እንዲህ ማሰባቸው የሚያስነቅፋቸው አይደለም፤ ዐይን የሚመሰክረው እንደዚያው ነውና። ከፀሐይ፣ ከጨረቃና በከዋክብቱ መካከል ከሚዞሩት ከአምስቱ ብርሃናት በቀር፣ አያት ያየውን የሰማይ ሥዕል የልጅ ልጅም ምንም ሳይጐድልበትና ሳይዛነፍበት ያየዋል። በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእስክንድርያ የነበረው በጥሊሞስ ከ1,000 የሚበልጡ ከዋክብትን ሥፍራ በመጽሐፉ መዝግቦ አልፏል፤ ባሕረ ሐሳብን እንደ ደረሰ አበው የሚናገሩለት ድሜጥሮስም በዚያችው ከተማ በመንበረ ማርቆስ የተቀመጠው ከእርሱ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ዘግይቶ ነው። የጾምና የበዓላችን ቀመር የፈለቀባት ከተማና ለምዕራባውያን ሊቃውንት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ መመዘኛ ሆኖ የኖረው የከዋክብት መዝገብ የተጻፈባት ከተማ አንዲት መሆንዋን ልብ የሚሉት ጥቂቶች ናቸው።

ያ መዝገብ ጥቅሙን ሙሉ በሙሉ የገለጠው ግን ከተጻፈ ከ1,500 ዓመት በኋላ ነው። በስሙ በሚጠራው ባለ ጅራት ኮከብ ምክንያት ስሙን የምናውቀው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ፣ በበጥሊሞስ ዘመንና ከዚያም በፊት የተለኩትን ሥፍራዎች በራሱ ዘመን ከተለኩት ጋራ ሲያስተያይ፣ አልዴባራን፣ ሲሪየስና አርክቱሩስ የተባሉት ደማቅ ከዋክብት ቀድሞ ከተጻፈላቸው ቦታ ፈልሰው አገኛቸው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1718 አሳወቀ። ሃሌይ አዲስ ኮከብ አላገኘም፤ አዲስ መሣሪያም አልሠራም። ሥራው ሁለት መዝገብ ጐን ለጐን አኑሮ ማነጻጸር ብቻ ነበረ። ከእርሱ በኋላ በዚህ ነገር የደከሙት ሊቃውንት ሁሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የተለወጠው የመዝገቡ ዐይነት ነው እንጂ የሥራው ጠባይ አይደለም።

የፍልሰቱን መጠን ለመረዳት በትንሽ መስፈሪያ መጠቀም ያስፈልጋል። አንድ ዲግሪ በ60 ደቂቃ፣ አንዱ ደቂቃ በ60 ሰከንድ ይከፈላል፤ የሙሉ ጨረቃ ስፋት በዚህ መስፈሪያ 1,860 ሰከንድ ያህል ነው። አርክቱሩስ በዓመት የሚፈልሰው 2.3 ሰከንድ ያህል ሲሆን፣ ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ከነገሠበት ዘመን እስከ ዛሬ የተጓዘው ሁለት ጨረቃ ጐን ለጐን ቢቀመጡ የሚሸፍኑትን ያህል ብቻ ነው። ከታወቁት ከዋክብት ሁሉ በሰማይ ላይ ፈጥኖ የሚሄደው የበርናርድ ኮከብ ግን በዓመት 10.4 ሰከንድ ይፈልሳል፤ በ180 ዓመት አንድ ጨረቃ፣ ከኢዛና እስከ እኛ ደግሞ ከዘጠኝ ጨረቃ የሚበልጥ መንገድ ሄዷል። ነገር ግን ያለ መሣሪያ በዐይን የማይታይ ደብዛዛ ኮከብ ስለ ሆነ፣ ከጥንታውያን አንድ እንኳ ጕዞውን ሊያስተውልለት አልቻለም።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር መለየት ይገባል። በሰማይ ላይ ፈጣን ሆኖ መታየት ሁልጊዜ በእውነት ፈጣን መሆን አይደለም፤ በአብዛኛው ቅርብ መሆን ነው። የበርናርድ ኮከብ ከእኛ የሚርቀው 6 የብርሃን ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ያው ኮከብ በዚያው ፍጥነቱ መቶ እጥፍ ርቆ ቢሆን ኖሮ ፍልሰቱ በመቶ ተከፍሎ እጅግ ባነሰ ነበር። ስለዚህ ፈጣን ከዋክብትን የሚፈልግ ሰው በተዘዋዋሪ የሚፈልገው የፀሐይን ጎረቤቶች ነው። ከዚህም ሌላ በሥዕል የሚታየው ወደ ጐን የሚደረገው ጕዞ ብቻ ነው፤ በቀጥታ ወደ እኛ የሚመጣ ወይም ከእኛ የሚሸሽ ኮከብ የቆመ መስሎ ይታያል።

የዚህን ምስክር ከራሳችን አገር ጋራ አያይዤ ብናገር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተገኘው የሾልዝ ኮከብ ዛሬ ከ20 የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ይገኛል፤ በሰማይ ላይ የሚፈልሰውም እጅግ በጥቂቱ ነው። የጕዞው ስሌት ወደ ኋላ ሲሰላ ግን፣ ከ70 እስከ 80 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ከፀሐይ አንድ የብርሃን ዓመት በማይሞላ ርቀት ማለፉ ታወቀ፤ ዛሬ የቆመ የሚመስለው፣ ያን ጊዜ ከደረሰበት በቀጥታ ከእኛ እየሸሸ ስለ ሆነ ነው። በዚያው ዘመን ግድም፣ በመተማ በኩል በሽንፋ ወንዝ አጠገብ የሰፈሩ ሰዎች፣ የድንጋይ መሣሪያቸውና የበሉት ዓሣ አጥንት እንደሚመሰክርላቸው፣ በበጋ ከሚቀሩት ኵሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። ኮከቡ እጅግ ደብዛዛ በመሆኑ ቀና ብለው ቢያዩም ባላዩት ነበር።

ኢትዮጵያ ፈላስያን ከዋክብትን ለመመልከት ከብዙዎቹ የሠለጠኑ አገሮች ይልቅ የታደለች መሆንዋን ማስታወስ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ከሞላ ጎደል ይገለጥላታል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የመንገዱ መብራት ዐይኑን ከማይወጋው ሥፍራ የቆመ ሰው፣ በግንቦት ወር ሰማዩ ጠርቶ በተገኘበት ሌሊት ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ቀና ቢል፣ ሃሌይ ያስተዋለው አርክቱሩስ ከራሱ በላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ያገኘዋል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ደቡብ ቢመልስ፣ ከአድማሱ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የፀሐይ የቅርብ ጎረቤት የሆነውን አልፋ ሴንታውሪን ያያል። ሁለቱም ፈላስያን ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ግድም በሰማይ ከፍታቸው ላይ ይደርሳሉ። በለንደን የሚኖር ሰው ሁለተኛውን በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ከቤቱ ሊያየው አይችልም።

ለዚህም ነው የቅርብ ጎረቤቶቻችን ታሪክ በከፊል ከአፍሪካ ምድር የተጻፈው። የአልፋ ሴንታውሪን ርቀት ለመለካት ያበቃውን ምልከታ ቶማስ ሄንደርሰን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1832 እና በ1833 በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ነው። በዚያው ሥፍራ በኋላ ዴቪድ ጊል የደቡቡን ሰማይ በፎቶግራፍ የመስታወት ሠሌዳ አነሣ። እነዚህ ሠሌዳዎች በመርከብ ተጭነው ወደ ሆላንድ፣ ወደ ግሮኒንገን ሄዱ፤ በዚያም ያኮቡስ ካፕታይን ከ454,000 የሚበልጡ ከዋክብትን ሥፍራና ድምቀት ከዐሥር ዓመት በላይ በፈጀ ድካም ለካ።

ይህን ካፕታይንን ጠንቅቄ ላስተዋውቅ እወዳለሁ፤ የዚህ ምዕራፍ ዋና ባለጕዳይ እርሱ ነውና። የሥነ ፈለክ መምህር ሲሆን ቴሌስኮፕ አልነበረውም። ዩኒቨርሲቲው የምልከታ ሥፍራ እንዲሠራለት ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም፤ የግሮኒንገንም ሰማይ የደቡብን ከዋክብት ከቶ አያሳይም። እርሱ ግን ሌላው ሰው ያነሣውን ሥዕል ለመመርመር የሰማይ ጥራት እንደማያስፈልግ ተረድቶ፣ በተዋሰው ክፍል ውስጥ መለኪያውን አቁሞ ሥራውን ጀመረ። እንዲህ ሲያስተያይ፣ በአርጀንቲና በኮርዶባ ቀድሞ የተመዘገበ አንድ ኮከብ ከሥፍራው ጠፍቶ አገኘ፤ በአቅራቢያው ደግሞ ማንም ያልመዘገበው ሌላ ኮከብ ቆሞ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1897 እንደ ታወቀው፣ የጠፋውና የተገኘው አንድ ነበሩ። ዛሬ የካፕታይን ኮከብ የሚባለው ይህ ኮከብ በዓመት 8.7 ሰከንድ ያህል ይፈልሳል፤ የበርናርድ ኮከብ እስኪታወቅ ድረስም የሚቀድመው አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ ሥራውን ያቀለለው፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ግድም በጀርመኑ የዛይስ ኩባንያ ካርል ፑልፍሪሽ የሠራው መሣሪያ ነው። መሣሪያው በልዩ ልዩ ዓመት የተነሡ ሁለት ሠሌዳዎችን በአንድ መነጽር እያፈራረቀ ያሳያል፤ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠራ ጥራት ተቈጣጣሪ ሁለቱን ቅዶች ደራርቦ ሲገልጥ የተዛነፈችው ስፌት ብቻ ወዲያው ዐይኑን እንደምትስበው፣ በሺህ ከሚቈጠሩት ከዋክብት መካከል የፈለሰው አንዱ ብቻ ወዲያና ወዲህ ሲዘል ይታያል። ሮበርት ኢንስ በሲድኒ ወይን ነጋዴ የነበረ፣ ሥነ ፈለክን በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ሲሆን፣ በጆሃንስበርግ የምልከታ ተቋም አለቃ ከሆነ በኋላ እ.ኤ.አ. የ1910 እና የ1915 ሠሌዳዎችን በዚህ መሣሪያ እያፈራረቀ የአልፋ ሴንታውሪን አካባቢ መረመረ። ከዚያም ከደማቁ ኮከብ ሁለት ዲግሪ ያህል ርቃ፣ ከእርሱ ጋራ ወደ አንድ አቅጣጫ የምትጓዝ ደብዛዛ ኮከብ አገኘ። ይህች ፕሮክሲማ ናት፤ 4.24 የብርሃን ዓመት ብቻ ትርቃለች፤ ከፀሐይ በስተቀር ከእርስዋ የሚቀርብ ኮከብ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚሁ ከጆሃንስበርግ ሳንወጣ፣ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ፍለጋው ከከዋክብት ይልቅ እጅግ ፈጣን የሆኑትን ጥቃቅን የፀሐይ ዙር አካላት፣ አስትሮይዶችን፣ የሚመለከትም ነበር፤ እነዚህ በዓመታት ሳይሆን በሰዓታት ልዩነት ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄዱ ይታያሉ። ሲሪል ጃክሰን የተባለው የተቋሙ ሠራተኛ ካገኛቸው አካላት ለብዙዎቹ የአፍሪካ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ኬንያና ኡጋንዳ ከነዚሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1931 ያገኛት 1196ኛዋ በንግሥተ ሳባ ስም ትጠራለች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1937 ያገኛት 1432ኛዋ ደግሞ ኢትዮጵያ ትባላለች። ቀኑን ልብ ይሏል፦ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በአዲስ አበባ ከተፈጸመ ገና ስድስት ወር አልሞላውም፤ የፋሺስት ባንዲራ በከተማው ላይ ይውለበለብ ነበር። በዚያ ዘመን በካርታ ላይ ስምዋ እንዲፋቅ የተፈረደባት አገር በሰማይ መዝገብ ውስጥ ዛሬ ድረስ በስምዋ ትዞራለች። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኢትዮጵያ በተራዋ ለአንድ ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው ለሚዞረው ፕላኔት አቦል የሚል ስም አውጥታለች፤ ስያሜውም በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጸድቆላታል።

በአሜሪካ ስለ ተደረገው ፍለጋ ብዙ መጻሕፍት ስላሉ በአጭሩ አልፋለሁ። በልጅነቱ በፎቶግራፍ ቤት ተቀጥሮ ያደገው ኤድዋርድ በርናርድ በስሙ የሚጠራውን ኮከብ እ.ኤ.አ. በ1916 ያገኘው፣ በዚያ ዓመት ያነሣውን ሠሌዳ ከ1894ቱ ጋራ አስተያይቶ ነው። ከእርሱ በኋላ ቪለም ላይተን አንድ ዐይኑን በአደጋ ካጣ በኋላ እንኳ ሠሌዳ ከማየት ሳይቦዝን፣ ወደ 59,000 የሚጠጉ ፈላስያን ከዋክብትን በአንድ መዝገብ አሰባሰበ።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለዐይን በሚታይ ብርሃን ስለሚያበሩ ከዋክብት ነው። ከነዚህ ሌላ፣ ከፕላኔት የሚከብዱ፣ ነገር ግን እንደ ፀሐይ በውስጣቸው እሳት ለማንደድ ክብደታቸው ያልበቃ፣ ቡናማ ድንክ የሚባሉ አካላት አሉ። እየቀዘቀዙ የሚኖሩ ስለ ሆኑ የሚያወጡት ብርሃን በአብዛኛው ዐይን የማያየው የሙቀት ጨረር፣ ኢንፍራሬድ የሚባለው ነው። ዋይዝ የተባለችው፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መነጽር የያዘች የአሜሪካ ሳተላይት፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 ተልካ ሰማዩን በሙሉ በዚህ ጨረር አነሣች፤ ለጥቂት ዓመታት ካንቀላፋችም በኋላ በ2013 ተቀስቅሳ እስከ ኦገስት 2024 ድረስ በየስድስት ወሩ መላልሳ አነሣችው። ከተቀሰቀሰች በኋላ ዓላማዋ ወደ ምድር የሚቀርቡ አስትሮይዶችን መከታተል ነበረ፤ ሳይታሰብ ግን ከዐሥር ዓመት በላይ የሚሸፍን የሰማይ ታሪክ ለሰው ልጅ ትታ ሄደች።

ኬቪን ሉማን የተባለው ሊቅ ከዚህ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2013 በ6.5 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያሉ ጥንድ ቡናማ ድንኮችን አወጣ። እነዚህ ጥንዶች እ.ኤ.አ. በ1978 በተነሡ የቆዩ ሠሌዳዎች ላይም ታትመው ተገኙ፤ ከ30 ዓመት በላይ በሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ማንም አላስተዋላቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 7 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ፣ በዓመት 8 ሰከንድ የሚፈልስ፣ የገጹ ሙቀት ያን ጊዜ ከበረዶ በታች እንደ ሆነ የተገመተ ሌላ አካል አሳወቀ። እሳት የሌለው፣ እንዲህ ቀዝቃዛ የሆነ አካል በከዋክብት መካከል ይገኛል ብሎ የጠረጠረ ጥንታዊ ጠቢብ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ፍለጋው እንዴት እንደሚከናወን ደግሞ እንመልከት። የአንድ ትንሽ የሰማይ ክፍል ሥዕሎች በየዓመቱ ቅደም ተከተል ይደረደሩና በኮምፒውተር መስታወት ላይ በፍጥነት ይፈራረቃሉ። የማይለወጠው ብርሃን ሁሉ አስቀድሞ ስለሚቀነስ፣ በስተጀርባ ደብዝዞ የሚቀረው የመሣሪያው ሁካታ ነው፤ ፈላሹ አካል ግን ትቶት በሄደው ሥፍራ ጥቁር ነጥብ፣ በደረሰበት ሥፍራ ነጭ ነጥብ ሆኖ፣ ሁለቱ እንደ መንታ ተያይዘው ይታያሉ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሥዕሉ በአታላዮች የተሞላ ነው። የደማቅ ኮከብ ጨረር በመነጽሩ ውስጥ ተንጸባርቆ የሐሰት ኮከብ ይፈጥራል፤ ድምቀቱ የሚለዋወጥ ኮከብ ሳይንቀሳቀስ የተንቀሳቀሰ ይመስላል፤ ከጠፈር የሚወድቅ ጨረር በአንድ ሥዕል ላይ ብቻ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እውነተኛው ፈላሽ የሚለየው በየሥዕሉ በአንድ መሥመር፣ በተመጣጠነ ርምጃ በመጓዙ ነው። ይህን ያየ ሰው ኮከቡ ቀድሞ የታወቀ መሆኑን በመዝገብ ያረጋግጣል፤ ካልታወቀ ለሊቃውንቱ ያሳውቃል፤ እነርሱም በትልቅ ቴሌስኮፕ ብርሃኑን ተንትነው ይፈርዳሉ።

ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ለምን ብቻውን አይሠራውም የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በእርግጥ አብዛኛውን ይሠራዋል። በተጨናነቀና በተዝረከረከ ሥዕል ውስጥ ግን የሠለጠነ የሰው ዐይን እስከ ዛሬ ድረስ ያልተናቀ ዳኛ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 የዋይዝ ሥዕሎች ለዓለም ሕዝብ ተከፍተው፣ ማንም ፈቃደኛ ሰው በቤቱ ተቀምጦ እንዲመረምራቸው ተጋበዘ። ከእነዚህ ምዕመነ ሰማይ ልበላቸውና፣ የሙያው ዲግሪ ከሌላቸው ተራ ሰዎች በተገኘ ጥቆማ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በሰዓት 1.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል የሚከንፍ፣ ምናልባትም ከጋላክሲያችን ስበት ለማምለጥ የሚበቃ አነስተኛ አካል መገኘቱ ታወጀ። እርሱ ከሌሎቹ የሚለየው ፍጥነቱ ከቅርበት የመጣ ሳይሆን የራሱ በመሆኑ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ያለውን የአየር መንገድ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በጨረሰው ነበር።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተቋቋመው ከኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ድካም ከተገኙት ፍሬዎች አንዱ ይህ ነው። ክረምቱ በደመና ይጋርደዋል፤ በበጋም የአዲስ አበባ መብራት እያደገ ወደ ተራራው ይወጣል። በላሊበላ አካባቢ ባሉ ከፍተኛ ተራሮች ላይ የተሻለ ሥፍራ ይፈለግ የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። የሀይሌ ጋርመንት ነዋሪማ ከዚህ የባሰ ዕድል ነው የገጠመው፦ ወደ ለቡ፣ ወደ ጀሞና ወደ ሳሪስ የሚወስዱት መንገዶች መብራት፣ የመኪናው ፋናና የሱቁ ማስታወቂያ ተባብረው ከጥቂት ደማቆች በቀር የሰማዩን ሠራዊት ሰውረውበታል።

እኔ እንደሚመስለኝ ግን፣ ይህ ለሥራው ምክንያት ሊሆን አይገባም። ሥነ ፈለክ በአገራችን ሲነሣ ሁልጊዜ የምንጠይቀው ትልቅ ቴሌስኮፕ መቼ ይገዛ ይሆን ብለን ነው፤ ካፕታይን በዚህ ጥያቄ ላይ ተቀምጦ ቢጠብቅ ኖሮ ያለ ሥራ በሞተ ነበር። የዋይዝ ሥዕሎች ዛሬም ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2025 መጀመሪያ የሠራችው የአውሮፓ ሳተላይት ጋያ የ1.8 ቢሊዮን ከዋክብትን መዝገብ ሰጥታለች፤ ቀዝቃዛዎቹን ቡናማ ድንኮች ግን አብዛኛዎቹን ልታይ ስላልቻለች፣ እነርሱ እስካሁን የፈላጊው ድርሻ ናቸው። በ2025 የመጀመሪያ ሥዕሎቹን ያሳየው በቺሊ የሚገኘው የቬራ ሩቢን ምልከታ ተቋም ደግሞ፣ 8.4 ሜትር ስፋት ባለው መስታወቱ የደቡቡን ሰማይ ዐሥር ዓመት ሙሉ ደጋግሞ ያነሣዋል። የጐደለው ሥዕል ሳይሆን የሚያየው ሰው ነው፤ ለማየት ደግሞ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃል።

ስለዚህ በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበብ የምትመሩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ባልታወቀው ከማድከማችሁ በፊት በታወቀው አሠልጥኑ። በካሊፎርኒያ የፓሎማር ተራራ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተነሣውንና በ1990 ግድም እንደ ገና የተነሣውን የበርናርድ ኮከብ አካባቢ ሥዕል ከነጻው መዝገብ አውርዳችሁ፣ ሁለቱን በአንድ መጠን አስተካክላችሁ እያፈራረቃችሁ አሳዩአቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 40 ዓመት ያህል ስለ ሆነ፣ ሌሎቹ ከዋክብት ሁሉ በየሥፍራቸው ቆመው ሳሉ፣ እርሱ የጨረቃን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ወደ ሰሜን ተጉዞ ይገኛል።